በጎ ፈቃደኛው ምን አጠፋ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር ሰነበተ። ጉዳዩ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማንም አንብቦና አሻሽሎ መልሶ ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ማለት ነው። ጸሐፊው ራሳቸው አንድ ፕሮጀክት ሲያስተዳድሩ የቆዩ ይመስላሉ። ድካማቸው ከየመስመሩ ይታያል። መልእክታቸው ባጭሩ «በጎ ፈቃደኛ መጋበዝ ይብቃን» ነው።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ሰው ሲበዛ ሥራ ይጓተታል፤ የሚላከውን ሁሉ መመርመሩ (ሪቪው ማድረጉ) ሰልችቷቸዋል። ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ (መረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር) ለውጭ ሰው በሩን ዘግቶም ዓለምን አዳርሷል። ጥሩ ኮድ ራሱን ስለሚያስረዳ ዶክመንቴሽን፣ ማለትም ስለ ሶፍትዌሩ የሚጻፈው ማብራሪያና መመሪያ፣ ትርፍ ነገር ነው፤ የግድ ካስፈለገ ለጀማሪ ይሰጥ፣ ካልሆነም ኤአይ ይጻፈው። የማይታወቅ ሰው ማስገባት አደጋ አለው። በመጨረሻም የኢትዮጵያ ወጣት ለፈረንጅ ፕሮጀክት በነፃ መሥራት የለበትም።

የመጨረሻውን በግማሽ እቀበላለሁ። ሌሎቹ ላይ ግን እንነጋገር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው የጀመሩት ከፍሬድሪክ ብሩክስ ነው። ብሩክስ በአይቢኤም ግዙፍ የሶፍትዌር ሥራ የመራ ሰው ነው። በ1975 ያሳተመው ሕግ ዛሬም ይጠቀሳል፦ የዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው ብትጨምር ይብስ ይዘገያል። «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ኮድ ላይ አይሠራም» ይላሉ ጸሐፊው። አነጋገራቸውን ወድጄዋለሁ። ግን ብሩክስ ለምን እንደዚያ እንዳለ አልነገሩንም። አንዱ ምክንያቱ አዲስ የመጣ ሰው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ የነባሮቹን ጊዜ ይበላል የሚል ነው። ያውም ሕጉ የሚያወራው ቀን ተቆርጦለት ቀኑ ስላለፈበት ሥራ ነው። አብዛኛው የበጎ ፈቃድ ፕሮጀክት የተቆረጠ ቀን የለውም።

አዲሱ ሰው የነባሩን ጊዜ ለምን ይበላል? በአብዛኛው የሚያነበው ነገር ስለሌለው ነው። ሰርቨሩ እንዴት ይነሳል? ኮዱን የሚፈትሸው ቴስት እንዴት ይሮጣል? ይሄ ፎልደር ምንድን ነው? ሃያ ሰው መጥቶ ይሄንኑ ይጠይቃል። ሜንቴይነሩ፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድረው ሰው፣ ሃያ ጊዜ ይመልሳል፣ ሃያ አንደኛው ላይ ይናደዳል። ከዚያ «በጎ ፈቃደኛ ጊዜ ያባክናል» የሚል ጽሑፍ ይጻፋል። የብሩክስን ሕግ ከሥሩ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያስተካክለው ያልተጻፈውን መመሪያ ነው።

ወደ ኤስኪውላይት እንሂድ። እውነት ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፤ የውጭ ሰው ኮድ ግን አይቀበሉም። ይህንንም በግልጽ ጽፈውታል። ዳታቤዙ ስልክህ ውስጥ አለ፣ ብራውዘርህ ውስጥም አለ። ነገር ግን ሪቻርድ ሂፕ በ2000 የጀመረውን ይህን ሥራ ጥቂት ሰዎች የሙሉ ጊዜ እንጀራቸው አድርገው ነው የሚሠሩት። ገንዘቡ ሥራውን ለመደገፍ ከተባበሩ የኮንሶርቲየም አባል ድርጅቶችና ከድጋፍ ውል ይመጣል። ለቴስት የጻፉት ኮድ ከዋናው ኮድ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ጸሐፊው የዘለሉት ደግሞ ዶክመንቴሽናቸውን ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ በሥዕል ተደግፎ ተብራርቷል፤ የፋይሉ አሠራር ሳይቀር ባይት በባይት ተጽፏል። «ዶክመንቴሽን ትርፍ ነው» ለሚል ሰው ኤስኪውላይት የማይመች ምሳሌ ነው።

አብዛኛው ሌላ ፕሮጀክት ግን ይህ ሁሉ የለውም። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ክፍተት ሲታወቅ፣ የኢንተርኔት ትልቁ ክፍል ምስጢሩን የሚጠብቅበት ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛውም አንድ ሰው። እንደዚህ ያለ ፕሮጀክት በሩን ቢዘጋ ኤስኪውላይትን አይሆንም። ሰውዬው የታመመ ዕለት ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ጥሩ ኮድ ራሱን ያስረዳል።» ይቺ አባባል የማትሞተው ግማሽ እውነት ስላላት ነው። እኔ ግን የሊብረኦፊስን ታሪክ ላንሳ።

ጀርመን ውስጥ ስታር ዲቪዥን የሚባል ድርጅት ነበር። ስታርኦፊስ የሚባል፣ ደብዳቤ መጻፊያውንም የሂሳብ ሰንጠረዡንም የያዘ ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። በ1999 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛው። በ2000 ኮዱን ከፈተውና ኦፕንኦፊስ ሆነ። በኋላ ሰንን ራሱን ኦራክል ገዛው። ይህን ያዩ የቆዩ የፕሮጀክቱ ሰዎች በሴፕቴምበር 2010 ተገንጥለው ሊብረኦፊስን መሠረቱ። የወረሱት ኮድ በሚሊዮኖች የሚቆጠር መስመር ነው። ይሠራል። ችግሩ፣ በውስጡ ፕሮግራመሮቹ ከኮዱ ጎን ለራሳቸው የጻፏቸው ማስታወሻዎች (ኮመንቶች) በብዛት በጀርመንኛ ነበሩ።

ጸሐፊው ትክክል ቢሆኑ ኖሮ ይህ ምንም ችግር አልነበረውም። ጀርመንኛውን እየዘለልክ ኮዱን ታነባለህ፣ አለቀ። ሰዎቹ ግን እንደዚያ አላደረጉም። ትርጉሙን ለአዲስ ገቢ የሚመች ሥራ አድርገው ዝርዝራቸው ውስጥ አስገቡት። ጀርመንኛ የሚመስል ኮመንት ፈልጎ የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕትም ጻፉ። ስክሪፕቱን ታስነሳዋለህ፤ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግርሃል። ተርጉመህ ትልካለህ። ኮዱ የተጻፈበት የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ጀርመንኛ መቻል ይበቃል። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ በአንድ ጊዜ ጥቂት መስመር፣ በብዙ እጅ ተሠራ።

ለምን ደከሙ? ኮድ ምን እንደሚያደርግ ይነግርሃል፤ ለምን እንደሚያደርገው ግን አይነግርህም። ለምሳሌ አንድ ቦታ «የገጹ ስፋት ላይ 1 ጨምር» የሚል መስመር አገኘህ እንበል። ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ግን ለምን 1? የሆነ የድሮ ፕሪንተር ጠርዙን ይቆርጥ ስለነበር ነው? ወይስ አንድ ሰው እንቅልፍ እያዳፋው ጽፎት ቀረ? ላጥፋው? ካጠፋሁት ምን ይፈርሳል? መልሱ ከጎኑ ባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው። ዓረፍተ ነገሯ ከሌለች ወይም ማንበብ ካልቻልክ፣ መስመሩን ማንም ደፍሮ አይነካውም። እንደዚህ ያሉ ማንም የማይነካቸው መስመሮች የበዙበት ፕሮጀክት ውስጥ አዲስ ሰው ገብቶ አይቆይም።

ሊብረኦፊሶች በዚህ አላበቁም። በሰን ዘመን ኮድ የሚያዋጣ ሰው የቅጂ መብቱን ለኩባንያው የሚያካፍልበት ወረቀት መፈረም ነበረበት። ያንን አስቀሩት። «ኢዚ ሃክስ» በሚል ስም ቀለል ያሉ ሥራዎችን ለዩ። እያንዳንዱ ሥራ ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ዕውቀት እንደሚጠይቅ፣ ኮዱ ውስጥ ከየት መጀመር እንደሚሻል ይጻፍለታል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱትን ቅሬታ እረዳዋለሁ። አንዱን እንዲህ አዘጋጅቶ ለማስቀመጥ የሚወስደው ጊዜ፣ ባለሙያው ራሱ ቢሠራው ከሚወስድበት ሊበልጥ ይችላል። ለአንዱ ሥራ ስታሰላው ኪሳራ ነው። ግን ሥራውን ሠርቶ የሄደው ሰው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ከባዱን ሲያነሳው ሂሳቡ ይቀየራል። ጸሐፊው የደመሩት የመጀመሪያውን ሳምንት ወጪ ብቻ ነው።

ቀጣዩ ነጥብ «ዶክመንቴሽን ለጀማሪ ይሰጥ» የሚለው ነው። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይስማማበታል።

ኮድ ማስቀመጫና ማጋሪያ ድረ ገጹ ጊትሃብ በ2017 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት 93 ከመቶው ያልተሟላ ወይም ያረጀ ዶክመንቴሽን ችግር እንደሆነ ታዝበዋል። ከሚያዋጡት ውስጥ 60 ከመቶው ደግሞ ዶክመንቴሽን ላይ አልፎ አልፎ ብቻ ወይም ጭራሽ እንደማይሠሩ ተናግረዋል። ሁሉም ያማርራል፣ ማንም አይነካውም። ከዚያ ማን ይሥራው ሲባል ለጀማሪው ይወረወርለታል። ሶፍትዌሩን ትናንት ያየ ሰው ሶፍትዌሩን እንዲያስረዳ!

ጀማሪውን ማባረር አለብን እያልኩ አይደለም። ባለሙያው የሌለው አንድ ነገር ጀማሪው አለው፤ የት እንደሚያደናቅፍ ያውቃል። አንድ ተጨባጭ ነገር ላሳይ። የብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች መመሪያ የሚጀምረው ኮዱን ከነሙሉ የለውጥ ታሪኩ እንድታወርድ በማዘዝ ነው። የሃያ ዓመት ታሪክ ማለት ጊጋባይቶች ማለት ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው ያልተገደበ ኢንተርኔት አለውና ልብ አላለውም። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ዳታ ፓኬጅ የሚሠራ ተማሪ ግን ገና ከበሩ ፓኬጁ ያልቅበታል። አርባ ከመቶ ላይ ደርሶ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ኮዱንና የለውጥ ታሪኩን የሚይዘው ጊት የተባለ መሣሪያ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል። ያቺን መስመር መመሪያው ውስጥ ማስገባት ትልቅ አስተዋጽኦ ነው። በርሊን የተቀመጠ ባለሙያ ግን በራሱ አያስባትም።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ጀማሪው የተደናቀፈበትን ይጻፍ፣ የሚያውቀው ሰው መልሱን ይስጥ፣ ከዚያ ጀማሪው መልሱን ለቀጣዩ ሰው በሚገባ ቋንቋ ያስፍረው። ባለሙያው ከዚህ ውስጥ ራሱን ካወጣ የሚገኘው ፊደል የማረም ሥራ ብቻ ነው።

ከፊደል ማረምም የባሰ ይመጣል። ሃክቶበርፌስትን አስታውሱ። ዲጂታልኦሽን የተባለው ኩባንያ ከ2014 ጀምሮ በየኦክቶበሩ የሚያዘጋጀው፣ ለኦፕን ሶርስ ማዋጣትን የሚያበረታታ ዝግጅት ነው። በ2020 ሕጉ ቀላል ነበር፤ አራት ፑል ሪኩዌስት (ተቀበሉኝ ተብሎ ለፕሮጀክት የሚላክ ለውጥ) ላክ፣ ቲሸርት ውሰድ። አንድ ዩቲዩበር ሪድሚ በሚባለው የፕሮጀክት መግለጫ ፋይል ላይ ሁለት ቃል ጨምሮ መላክ ምን ያህል እንደሚቀል በቪዲዮ አሳየ። ከዚያ ጎርፉ መጣ። የፕሮጀክቱ ስም ሥር «አሜዚንግ ፕሮጀክት» ብሎ መጨመር፣ ነጥብ ማስገባት፣ ነጥብ ማውጣት፤ ሁሉም «ዶክመንቴሽን አሻሻልኩ» በሚል ስም። ሜንቴይነሮች ቅዳሜና እሁዳቸውን ፑል ሪኩዌስት ሲዘጉ ዋሉ። አዘጋጆቹ በቀናት ውስጥ ሕጉን ቀየሩ፤ የሚሳተፈው ፈቃደኛ መሆኑን ያሳወቀ ፕሮጀክት ብቻ ሆነ። በ2023 ደግሞ ቲሸርቱ ራሱ ቀረ።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ የበጎ ፈቃደኛን ከንቱነት ለማሳየት ጠቅሰውታል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ቲሸርት ለሚሰጥ ሰው ቲሸርት ፈላጊ ይመጣል። የተጠየቀው ቁጥር ነበር፣ የመጣውም ቁጥር ነው። ሊብረኦፊስ ጋ ጀርመንኛ ሲተረጉም የከረመው ሰው ፋይሉ ተለይቶ፣ መስመሩ ተቆጥሮ፣ ለምን እንደሚጠቅም ተነግሮት ነው የሠራው። ሁለቱም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የተለየው ያስተናገዳቸው ነው።

«ኤአይ ይጻፈው» የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። ለሰዋስው ማስተካከያ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ከላይ ያልኩት ችግር አለ፤ ምክንያቱ ኮዱ ውስጥ ካልተጻፈ ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? ይገምታል። ግምቱንም እርግጠኛ ሆኖ ይጽፈዋል። የሌለ ትእዛዝ ፈጥሮ ጀማሪውን ግማሽ ቀን ሊያስፈጋው ይችላል። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው በዲሴምበር 2022 የቻትጂፒቲ መልሶችን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲያዩአቸው ያምራሉ፣ ሲሞክሯቸው ብዙዎቹ ስህተት ናቸው። ከሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች አንዱ የሆነው ጄንቱም በ2024 በኤአይ የተሠራ አስተዋጽኦ አልቀበልም ብሏል። ደግሞስ «ሪቪው ማድረግ ሰለቸኝ» ያሉት እኚሁ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ማን ሪቪው እንዲያደርግላቸው ነው?

የደህንነቱ ነጥብ ከባድ ነው። የኤክስዚን ጉዳይ አንስተዋል፣ ማንሳታቸውም ተገቢ ነው። ኤክስዚ ፋይል መጭመቂያ ነው፤ በየሊኑክሱ ውስጥ አለ። ለዓመታት ያስተዳደረው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ ደህና ደህና ሥራ እየሠራ እምነት ገዛ። ሌሎች አካውንቶች ደግሞ «ሥራው ዘገየ፣ ሰው ጨምር» እያሉ ኮሊንን ወጠሩት። ደክሞት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ2024 መጀመሪያ የኋላ በር፣ ማለትም ሳይፈቀድ መግቢያ ቀዳዳ፣ የተቀበረበት ኮድ ወጣ። የተንኮሉ ዋና ክፍል የቴስት ፋይል መስሎ ነው የገባው።

«አያችሁ፣ እንግዳ አታስገቡ» ይላሉ ጸሐፊው። ግን ማን አገኘው? የማይክሮሶፍት ሠራተኛና የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ዴቨሎፐር የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ። የኤክስዚ ሰው አይደለም። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሚገባበት መንገድ፣ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ነው የቆፈረው። ኮዱ ክፍት ባይሆንና የውጭ ሰው መጠየቅ ባይችል ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር እንጃ። አጥቂው የገባው ሰው ስለበዛ አልነበረም። ሌላ ሰው ባለመኖሩ ነው። ብቻውን የደከመ ሜንቴይነር ጋ አንድ ረዳት ሲመጣ እሱን የሚያመዛዝንበት ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው የለውም።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ቢሊዮን ዶላር የሚያገላብጥ ኩባንያ የራሱን ምርት መመሪያ «ልምድ ታገኛለህ» እያለ ለተማሪ ሲያስጽፍ አይቶ ዝም ማለት አይቻልም። ዶክመንቴሽን ሙያ ነው፤ ያለ ደመወዝ ብዙ አይራመድም። የፋየርፎክስ ብራውዘር ሠሪው ሞዚላ በኦገስት 2020 ወደ 250 ሠራተኛ ሲቀንስ የድር ሠሪው ሁሉ የሚያነበው የመመሪያ ድረ ገጽ ኤምዲኤን ብዙ ጸሐፊዎቹን አጣ። በበጎ ፈቃደኛ ብቻ ይቀጥላል ተብሎ አልተተወም። በ2021 መጀመሪያ ጎግልና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው ኦፕን ዌብ ዶክስ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ተከፋይ ጸሐፊዎች ቀጠረ፣ በጎ ፈቃደኞቹም ከነሱ ጋር መሥራት ቀጠሉ። አውትሪቺ የሚባለውም ፕሮግራም ለሦስት ወር ሥራ 7,000 ዶላር ይከፍላል፤ ዶክመንቴሽንም ከሥራዎቹ አንዱ ነው። የሚከፈልበት በር ካለ በዚያ ግቡ።

ግማሹን ያልተቀበልኩት «የፈረንጅ ፕሮጀክት» በሚለው ምክንያት ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ኦፕን ሶርስ ላይ ነው። የማን ፕሮጀክት እንበለው? ሊብረኦፊስን ከፍታችሁ ገጽታውን ወደ አማርኛ መቀየር ትችላላችሁ። የሜኑውን ቃላት አንድ በአንድ ተቀምጠው የተረጎሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያንን ሥራ አዋጭ ገበያ ነው ብሎ የሚከፍልበት ኩባንያ እስኪመጣ ብንጠብቅ እስከ ዛሬም አይኖርም ነበር። የራስህን ቋንቋ፣ የራስህን ኔትወርክ፣ የራስህን ቢሮ ችግር የሚነካ ነገር ላይ ጊዜህን ብታውል የምትጠቀመው አንተው ነህ።

ጊዜ ግን እንደ ገንዘብ ነው፤ ለማን እንደምትሰጠው እወቅ። ወደ አንድ ፕሮጀክት ከመግባትህ በፊት የተዘጉትን ፑል ሪኩዌስቶች ክፈትና ለመጀመሪያ ጊዜ የላኩ ሰዎችን ፈልግ። ምን ተባሉ? «አይሆንም» ተብሎ ብቻ የተዘጋ ከበዛ ተወው። ስምንት ወር መልስ ያላገኘ ካየህም እለፈው። «ይሄን በዚህ ምክንያት አንቀበልም፣ ያንን ግን ብትሠራልን» የሚል ካገኘህ ቁጭ በልና ጀምር። ቀጥለህ የኢንስቶል መመሪያው መቼ እንደታደሰ እይ።

ጸሐፊው የፕሮጀክታቸውን ስም አልጠቀሱም። ሊንኩን ቢልኩልኝ በአሮጌው ላፕቶፔ መመሪያቸውን ከዜሮ ጀምሬ እሞክረዋለሁ፤ የቆምኩበትን ቦታ ሁሉ ጽፌ እልክላቸዋለሁ። ቲሸርት አልጠይቅም።